ከመቶ አምስት

ቡሬ፣ ከእህል በረንዳው ማዶ፣ ከመኖ መደብራችን ጓሮ፣
እኔና ዘመናይ ባንድ አሮጌ ላፕቶፕ ገበሬ ሆነናል ዘንድሮ።
ቀን ፉርሽካ እንመዝናለን፣ የኑግ ፋጉሎ እንቸረችራለን፤
ማታ መብራት ከመጣ ሦስት መቶ ሄክታር በቆሎ እናርሳለን።
ትራክተሩ ሳር አይለምን፤ ደመናው በቁልፍ ይታዘዛል፤
ድንበር ገፊ ጎረቤት የለም፤ ስንዴው ያለ ዋግ ፍሬ ይይዛል።
ላሞቻችን ስም የላቸውም፤ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ታስሯል፤
ሰባ ሁለትን ዘመናይ «ሻሼ» ብላታለች፤ ልማዱ እኔም ላይ አድሯል።

ጠባችን በገፈራ ተነሳ። በቆሎው ገና እሸት ሳለ
ከጨዋታው ሱቅ ጥግ አንድ ሰማያዊ በርሜል ብቅ አለ።
«መጨመሪያ» ነው ስሙ፤ ሲከተፍ ቢረጩት ገፈራው ይበዛል ይላል፤
ከመቶ አምስት ብቻ። ዋጋው ግን ካንድ ጊደር ይስተካከላል።

«ተይው» አልኋት። «ለአምስት እጅ? ከጆንያ አፍ ለሚፈሰው?
ምን ይሻግታል እዚህ፣ ጉድጓዱን አንድ ሰው ሸራ ካለበሰው?»
ዘመናይ ቀና አለች፤ ደርባባ ናት፣ ስትናገር ግን ትወጋለች፦
«ቀን ሞላሰስ ትሸጣለህ፤ ማታ ‹ተይው› ትላለህ» አለች።

ይህን ጊዜ ዝም ነው።

ከዚያ የደረሰኝ ጀርባ ገልብጣ፣ እስክሪብቶ በጥርሷ ከፍታ፣
«ገፈራ ሲወደድ ትርፍ ነው፤ ሲረክስ» አለች «ለባለ በርሜሉ ውለታ።
ግን አንከራከር፤ ይሞከር።» ጨዋታውን እዚያው አስቀመጠች፤
ዓመቱን በበርሜል አጨደች፤ ተመልሳ ያንኑ ዓመት ያለ በርሜል ቆረጠች።
ያው ዝናብ፣ ያው ጠዋት፣ ያችው ወፍ በዚያው ሰማይ፤
ሁለት መስከረም ጎን ለጎን፣ እንደ ሁለት ኬሻ ሚዛን ላይ።
በርሜሉ ረታ። በጥቂት። ባንድ የትራክተር ጎማ ዋጋ።
«አየህ?» አለች። አየሁ፤ እንቅልፌ ግን ከዚያ ወዲያ ጠፋ እስኪነጋ።

ወንድሟ አንለይ አለ፣ በሽንዲ መንገድ ጉድጓድ የማሰ፤
አምና ሦስት ጀሪካን የኔን ሞላሰስ፣ በዱቤ፣ በላዩ ያፈሰሰ።
ስድስት ጎረምሳ አስረግጦ፣ አዲስ ላስቲክ ገዝቶ አልብሶ፣
ድንጋይ ጭኖበት፣ ውኃ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ምሶ።
በጥር ሲከፍተው ጠራኝ፤ እጄን እስከ ክርን ሰደድሁት፤
የጠላ ጥንስስ ሸተተኝ። ሰው አይየኝ ብዬ ቀመስሁት።

(ይህን ሽታ ጨዋታው አያውቅም።)

«ላሟ ግማሽ ሊትር ጨመረች» አለኝ፤ «ሞላሰሱ ነው አይደል?»
አዎ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ነጋዴ ነኝ፤ ይህ ምን በደል?
ግን ላሟ በታኅሣሥ ወልዳለች፤ ክረምቱም ሳይወጣ ቆይቶ ነበር፤
ስድስቱ ጎረምሶችስ? ላስቲኩስ? ማን ለይቶ ይናገር?
አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ላም።
ያንን መስከረም መልሶ የሚያሳጭድ ቁልፍ ሽንዲ መንገድ ላይ የለም።
እኛ ግን ማታ ማታ ዓመትን እንደ ጋቢ እንገለብጣለን፤
የከሰርነውን እናጠፋለን፣ ያተረፍነውን እናስቀምጣለን።

ትናንት መጣ፤ ያለ ዕዳው፤ ክንዱን ባንኮኒው ተደግፎ፣
«ዘንድሮስ ልጨምር?» አለ፣ ዐይኑ ጀሪካኑ ላይ አርፎ።
እኔ ሚዛኑን አጸዳሁ፤ የጸዳውን ደግሜ አጸዳሁ።
ዘመናይ ከጓሮ፦ «ሁለት ጉድጓድ ማስ! አንዱን በሞላሰስ፣ አንዱን ባዶውን!» ስትል ሰማሁ።
አንለይ ሳቀ። «እታለም፣ ያንዱን አፈር ያወጣሁበት ወገቤ...»
ጀርባውን አሸ። ከዚያ አንድ ጀሪካን ተኩል ለካሁለት። በዱቤ።